አንድና ሁለትን ጽፎ መጎተት

እቴቴ ከልብስ ሰፊው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ የሰማኋቸው ፊቴን እየታጠብኩ ነው። ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር ያለው ቤታቸው መታጠቢያውን ከወጥ ቤቱ የሚለየው ቺፑድ ስለሆነ አንዱ ጋ ላስነጠሰ ሰው ሌላው ጋ ያለው ይማርህ ይላል። «ዛሬ ማታ ካልደረሰ ምን ይሠራልኛል?» አሉ እቴቴ። «ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። የለካኸውን እንዳትቀይር፤ እጅጌው ብቻ ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ትተነፍስበት።» ባለፈው እሑድ የተለካሁት እኔ ነበርኩ። ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ቤት ድረስ መጥቶ፣ እቴቴ በረንዳው ላይ አቁመውኝ፣ ትከሻዬን፣ ወገቤን፣ የክንዴን ርዝመት ሲለካ ምን ሊሰፋ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ዝም ብለሽ ቁሚ» ብለው ፈገግ አሉ። እቴቴ ለእኔ ፈገግ የሚሉ ሴት አይደሉም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ነገሩን ጠርጥሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ አሁን ግን በቺፑዱ በኩል ቀኑም ጭምር መጣልኝ። ሰኞ። ፊቴን እንደገና ታጠብኩና ምንም እንዳልሰማ ሰው በፎጣ እያደረቅሁ ወጣሁ።

እቴቴ የአባቴ እህት ናቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ከሸኖ ስመጣ የተቀበሉኝ እሳቸው ነበሩ፤ ከተመረቅሁም በኋላ ከጓዳው ጎን ባለችው፣ የጤፉ ጆንያና የመኪናው አሮጌ ጎማ በሚቀመጡባት ክፍል ነው የምኖረው። ባለቤታቸው ጋሼ ሣህሉ የአንድ ቡና አብቃይ ገበሬዎች ዩኒየን የአስተዳደር ኃላፊ ናቸው። እኔም እዚያው በኮንትራት፣ ባለቀ ቁጥር እየተራዘመልኝ፣ የገበሬዎቹን መረጃ ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ጋሼ «የመረጃ ሠራተኛው ቋሚ መደብ ሲፈቀድ ያንቺ ነው፣ ታገሺ» ይሉኝ ነበር። ታገስኩ። ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ መታገሴ በየቀኑ ይታወቀኝ ነበር።

ዓርብ ስለሆነ ቁርሱ ዳቦና ሻይ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ፕላስቲኩ አልተነሣለትም፤ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንጫጫል፤ በዚህ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ድምፅም የእሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ጽዮናዊት እግሯን አጣጥፋ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ታያለች። ጋሼ ሣህሉ ቲማቲም ኪሎው መቶ ብር መግባቱን፣ ባጃጆቹ ማንም ሳይፈቅድላቸው ታሪፍ መጨመራቸውን አወሩ። እቴቴ አዬ ጉድ አሉ። ሶፋው ተንጫጫ። የልብሱን ነገር ማንም አላነሣም፤ ሊያስደንቁኝ ፈልገው ነው ብዬ እኔም ዳቦዬን በላሁ። «ዛሬ የቡ ማጠቢያ ጣቢያ ናችሁ አይደል?» አሉኝ ጋሼ ሻያቸውን እያማሰሉ። «አዲሱን ፋይል ለኡመይር ሰጥቼዋለሁ። ተስተካክሏል።» ምኑ እንደተስተካከለ ጠየቅሁ። «ትንሽ ነገር ነው» አሉ። ጽዮናዊት ከስልኳ ቀና አላለችም፤ ስክሪኑ ላይ የነበረው ጣቷ ግን ቆመ።

ባጃጅ ውስጥ እያለሁ ሌንሳ መልእክት ላከችልኝ። ሌንሳ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ናት፤ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይታለች፤ አብራት የነበረችው ልጅ ካገባች ወዲህ ነይ ግቢ እያለች ትወተውተኛለች። «ክፍሉን ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ» ይላል። «ስጪው» ብዬ መለስኩላት። ቋሚ ከሆንኩ ከማንም ጋር አልጋራም፣ ለብቻዬ ነው የምከራየው ብዬ ነው። ይሄን ግን አልጻፍኩላትም።

ጽዮናዊትን ኤክሴል ማስተማር የጀመርኩት እቴቴ ጠይቀውኝ ነው። ማርኬቲንግ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ቆይታለች፤ እራት እስኪደርስ አንድ ነገር ብታሳያት ምን አለበት አሉኝ። እራት በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ፣ አበባ የታተመበት ላስቲክ ላይ ላፕቶፑን አስቀምጬ ከምንም ጀመርኩ። ይሄ ረድፍ ነው፣ ይሄ ዓምድ ነው፣ የሚገናኙበት ቤት ሴል ይባላል፣ ጠቅ አድርገሽ ጻፊበት፣ ስትጨርሺ ኢንተር በይው። ተራ ቁጥር ሙዪ ስላት አንድ ብላ ጽፋ ወደ ታች ጎተተችው፤ እስከ ታች ድረስ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ሆነ። ሳቀች። ምን እንደፈለግሽ በምን ይወቅ አልኳት፤ አንድን ጻፊ፣ ከሥሩ ሁለትን ጻፊ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ምረጪ፣ አሁን ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ካሬ ይዘሽ ጎትቺ። ጎተተች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያለ ሲወርድ በእጇ አፏን ያዘች። «ዚፕ ይመስላል» አለች። ያን ማታ መቶ ድረስ ጎተተች፣ ሺህ ድረስ ጎተተች፤ ሌላ ነገር ላሳያት ብል «ቆይ አንዴ» እያለች መልሳ ትጎትታለች። ሁለተኛ የወደደችው ነገር የርእሱን ረድፍ ሮዝ መቀባት ነው። ጋሼ ሣህሉ ሶፋው ላይ ሆነው ሲያዩን ያመሹ ነበር። አንድ ቀን «ለጀማሪ የሚሆን መለማመጃ ከነመልሱ አዘጋጂልኝ፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ልሞክረው» አሉኝ። ቶሎ የምለሰልስ ሰው አይደለሁም፤ ይሄ ግን ደስ አለኝ። ተራ ቁጥር ሙሉ፣ የቀበሌውን ስም በአንድ ጊዜ ወደ ታች ሙሉ፣ ርእሱን ቀለም ቀቡ ብዬ፣ መልሱን ከነሥዕሉ አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው።

ኡመይር ቢሮው በር ላይ ፒክአፑን አስነሥቶ ይጠብቀኝ ነበር። የዩኒየኑ የመስክ ባለሙያ ነው፤ የቡ ተወልዶ ያደገ፣ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ፣ መሪ ይዞ እንኳን ሁለቱንም እጁን ለወሬ የሚፈልግ ልጅ። የዚያን ቀን ግን የአጋሮን መንገድ ይዘን ከከተማ እስክንወጣ ድረስ ዝም አለ። በመጨረሻ «እንግዲህ አትርሺን» አለኝ። ቋሚ መሆኔን ከእኔ በፊት ሰምቷል ብዬ አሰብኩና ሳቅሁ። «የት ሄጄ ነው የምረሳህ» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና «ቶሌ» አለ፤ እሺ እንደማለት። ከዚያ ስለ መንገዱ ማውራት ጀመረ።

የዘንድሮው ሥራ አዲስ ነው። የውጭ ገዢዎቹ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ ካላወቅን አንገዛም ስላሉ፣ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ በጂፒኤስ ተነሥቶ ለባለቤቱ ቁጥር ያለበት ካርድ ተሰጥቶታል። ከዛሬ ጀምሮ የማጠቢያ ጣቢያው እሸት ቡና የሚቀበለው ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና ስም ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ቁጥር ያስፈለገው ስም ስለማይበቃ ነው። እዚህ ሰው በመታወቂያው አንድ ስም አለው፣ ሰፈሩ ግን በበኩር ልጁ ነው የሚጠራው፤ ሙኒር አባ ጊሳ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በአንድ ቀበሌ አሉ፣ አንዱን አባ ሲሃም፣ ሌላውን አባ ናስር ካላልክ ማንም አያውቅልህም። ቁጥሩን ክረምቱን በሙሉ በጭቃ እየዞርኩ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በፊደል ቅደም ተከተል አይደለም፣ ሰው ከማሳው እንደወጣ፣ እንዳገኘሁት። የሞተ ሰው ቁጥሩ አብሮት ይቀራል። ማሳውን የሸጠም ቁጥሩን ለገዢው አያወርስም። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ዝርዝሩ በስም ስለተደረደረ ከስሞቹ ጎን ያሉት ቁጥሮች ወዲያና ወዲህ ይዘላሉ፣ አንዳንዱም ጨርሶ የለም። ላላወቀ ሰው የተዘበራረቀ ይመስላል። ልክነቱ ያ ነው።

የቡ ስንደርስ ከጁምዓ በፊት አስረክቦ ለመሄድ የመጣው ሰው ከማጠቢያው በር እስከ መንገዱ ተሰልፏል። በአህያ፣ በሞተር፣ በትከሻ የመጣ ጆንያ ነው፤ እሸት ቡና ካደረ ይበላሻል፣ ስለዚህ ማንም ነገ እመለሳለሁ ብሎ አይሄድም። የገለፈቱ ጉድጓድ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ኡመይር ላፕቶፑን ሚዛኑ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፤ እኔ ካርድ እየተቀበልኩ ቁጥሩን አነብለታለሁ። መጀመሪያ የደረሱት አባ ሲሃም ናቸው፤ በካርዳቸው ሙኒር አባ ጊሳ፣ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ስምንት። ኡመይር ቁጥሩን መታና የወጣለትን ስም ሳያስብ ጮክ ብሎ አነበበው። «ዘይነባ አባ ፊጣ።»

ሰልፉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «አባ ሲሃም፣ እኛ ሳንጠራ ተዳሩ?» አለ። አባ ሲሃም ካርዳቸውን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ይቺ ልጅ ናት የሰጠችኝ» አሉ፤ «ወላሂ ያኔ ሴት አልነበርኩም።» እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛውን ካርድ አነበብኩ፣ ሌላ ሰው ወጣ። ሦስተኛው ሌላ ሰው። አራተኛው ላይ ሳቁ ቆመ። ከመሃል አንዲት አሮጊት ሴት ጆንያቸውን ትተው ወደ ጠረጴዛው መጡና ዘይነባ አባ ፊጣ እኔ ነኝ፣ ታዲያ የእኔን ቡና ለማን ልትጽፉት ነው ብለው ጠየቁ። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞርኩት። ተራ ቁጥሩ ከላይ እስከ ታች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ፣ አንድም ሳይዘል፣ እንደ ክር ተስቦ ይወርዳል። የርእሱ ረድፍ ሮዝ ነው።

«ማን ነው ይሄን የነካው?» አልኩት ኡመይርን።

«የአክስትሽ ልጅ ናት እኮ፣ ረቡዕ ፈተናው ላይ» አለ። እንደማውቀው አድርጎ ነው ያለው። ፊቴን ሲያይ ግን ሁለቱንም እጁን አወረደ።

«የምን ፈተና?»

ኡመይር ሰልፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ ሣህሉ ለቅጥር ኮሚቴው አዲስ አበባ ሥራ አግኝታለች፣ በሳምንቱ መጨረሻ ትሄዳለች አሉ። አንቺን ነው። እኔማ እንኳን ደስ አለሽ ልልሽ ነበር፤ ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

የቀረውን ቁራጭ በቁራጭ ከእሱ አወጣሁት። ማስታወቂያው ቢሮው ግቢ ሰሌዳ ላይ ለአንድ ሳምንት ተለጥፎ ነበር፤ ሳምንቱ ጋሼ ሣህሉ ካርዱን አድለሽ ካልጨረስሽ ቢሮ አትመለሺ ብለው እስከ ትናንት እዚሁ የቡ ያዋሉኝ ሳምንት ነው። ተፈታኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ከአጋሮ የመጣ ልጅ አንድን ጽፎ ሲጎትት አንድ፣ አንድ፣ አንድ ሆኖበት አላበው፣ ወደቀ። ፈተናው ተራ ቁጥር ሙሉ፣ የቀበሌውን ስም በአንድ ጊዜ ወደ ታች ሙሉ፣ ርእሱን ቀለም ቀቡ የሚል ነበር። ኡመይር የመስክ ክፍሉን ወክሎ ኮሚቴው ውስጥ ተቀምጧል። ባዶ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ማንም ስላላሰበ እኔ የሞላሁትን ዋናውን ፋይል ነው የከፈቱላቸው። ጋሼ ሣህሉ ቁጥሮቹን በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳዩ «ተመልከቱ፣ እንዲህ ተዘበራርቆ ነው የቆየን» ብለዋል። ጽዮናዊት አንድና ሁለትን ጽፋ እስከ ታች ስትጎትተው የፋይናንስ ኃላፊው ሊያጨበጭቡ ምንም አልቀራቸውም። «እኔም አልገባኝም ነበር» አለ ኡመይር። «ሲያምር ዝም አልኩ።»

መናደድ የምችልበት ጊዜ አልነበረም። ከሰልፉ ውስጥ ቡናዬን ለነጋዴ እወስዳለሁ ማለት የጀመሩ ነበሩ፣ ነጋዴው ደግሞ መንገዱ ማዶ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል። ትናንት ማታ ድረስ በራሴ ላፕቶፕ የሞላሁት ትክክለኛው ዝርዝር ቦርሳዬ ውስጥ ፍላሽ ላይ ነበር፤ በየቀኑ ማታ ለራሴ እገለብጠዋለሁ። የኡመይር ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት፣ የሮዙን ዘጋሁት፣ ቁጥሩን መታሁ። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት፣ ሙኒር አባ ጊሳ፣ አባ ሲሃም። «አልሐምዱሊላህ፣ ወንድ ሆንኩ» አሉ። ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ስም እየጠራሁ፣ ሚዛን እየጻፍኩ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ቀና አላልኩም። እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ሲያልቅ አባ ሲሃም ባዶ ጆንያቸውን አጥፈው መጡ። «ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፣ ልጄ እንደማለት ነው፣ «ሰኞም አንቺ ነሽ?»

«ሰኞ ሌላ ሰው ነው» አልኳቸው።

«ታውቀናለች?»

«ቁጥር ታውቃለች» አልኩ።

አዛን ሲል ወንዶቹ ወደ መስጊድ ሄዱ፤ ኡመይርም ሄደ። እኔ ባዶ ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጬ ለጋሼ ሣህሉ ደወልኩ። አላነሡም። ደግሜ ደወልኩ፣ ዘጉት። ከዚያ በኋላ ነው እቴቴ ጠዋት በስልክ ያሉት ነገር ቃል በቃል ትዝ ያለኝ። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ስም አልጠሩም። እኔና ጽዮናዊት ቁመታችን አንድ ነው፤ ባለፈው እሑድ ሰፊው ሲመጣ ጽዮናዊት ተኝታ ነበር፣ እንቅልፍ ላይ ያለን ልጅ ማን ይቀሰቅሳል። የቆምኩት እኔ ነኝ። መልመጃውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከነመልሱ። ቦታውን ሌላ ሰው ቢወስድብኝ ለሌንሳ ደውዬ እሰድበውና ያልፍልኝ ነበር። ይሄን ግን በየማታው እራት ጠረጴዛ ላይ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ እንጀራቸውን እየበላሁ በገዛ እጄ ነው የሠራሁላቸው፤ ሦስቱም አብረውኝ ቁጭ ብለው፣ ሁሉን እያወቁ። ልቅሶ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ወደ ጅማ ስንመለስ ኡመይር አንድ ጊዜ ብቻ አፉን ከፈተ፤ ለሥራ አስኪያጁ ልናገር ወይ አለኝ። የዛሬውን ሪፖርት ስትጽፍ ምን ትጽፋለህ አልኩት። የሆነውን አለኝ። እንግዲያው የሆነውን ጻፍ አልኩት። የጅማው መርካቶ ጋ ወረድኩና በእግሬ ሄድኩ።

ቤት ስገባ ልብስ ሰፊው ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ኮቱና ጉርዱ ሶፋው ጀርባ ላይ ተሰቅለዋል፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ክር የዞረበት፣ እውነት ለመናገር የሚያምር ልብስ ነው። እቴቴ ስገባ አዩኝና «መጣሽ? ጎሽ» አሉ። «ጽዮን ፀጉሯን እየተሠራች ነው፣ ሰውዬው እጅጌውን ሊያይ ነው የሚቸኩለው፣ እስኪ ልበሺለት።» ለሚያውቅ ሰው እንደሚነገር፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚባለው ነው ያሉት። እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን ልብሱን ላየው ፈለግሁ። ክፍሌ ገብቼ ጉርዱን ለበስኩ፣ ኮቱን ለበስኩ፣ ወጥቼ ሳሎኑ መሃል ቆምኩ። ሰፊው ዞረኝ፣ ትከሻውን ጎተት አደረገ፣ እጅጌውን ሳብ ሳብ አደረገና ስፒሉን ከአፉ አወጣ። «ምንም የሚነካ ነገር የለውም» አለ። «ልክሽ ነው። እንኳን ደስ አለሽ።» እቴቴ የሻዩን ብርጭቆ አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። «ለልጄ ነው» አሉ። ሰፊው እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ፣ ስፒሉን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ።

እራት ላይ አራታችንም ነበርን። ሽሮና ጎመን ነበር። ጽዮናዊት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ለማየት ያህል ብላ የለበሰችውን ልብስ ሳታወልቅ፣ ወጥ እንዳይነካው ፎጣ ጭኗ ላይ ዘርግታ ትበላለች። ጋሼ ሣህሉ ስለ ቲማቲም አላወሩም። እስኪጠግቡ ጠበቁና እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ፣ ፎጣውን እያጠፉ፣ የቡ ትንሽ ችግር ነበር ሲባል ሰማሁ አሉ። አዎ አልኩ። ትክክለኛው ፋይል እኔ ዘንድ እንዳለ ኡመይር ነግሯቸዋል። ሰኞ ጠዋት ሰው ሳይገባ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ትቀይሪዋለሽ፣ ለጠየቀን ቫይረስ ነው እንላለን፣ ከዚያ ደግሞ ለሁለት ሳምንት አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ሥራውን ታሳያታለሽ አሉ። ለሁለቱ ሳምንት በኮንትራት እንዲከፈለኝ ያደርጋሉ። ውለታ እንደሚውል ሰው ነበር ድምፃቸው።

«ጋሼ፣ ለኮሚቴው አዲስ አበባ ትሄዳለች ብለዋል አይደል?» አልኳቸው። «የሄደ ሰው ሰኞ ጠዋት በየት በኩል ይገባል?»

ፎጣው ከእጃቸው አልተንቀሳቀሰም። ጽዮናዊት እንጀራዋን ጠቅልላ እንደያዘች ቀረች። እኔ እቴቴን ነበር የማየው። የአባቴ እህት ናቸው፤ ምን ማለትሽ ነው ይላሉ፣ ወይ ሣህሉን ዞረው ምን አደረግህ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ለአንድ አፍታ እውነቴን ነው ጠበቅሁ።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የተባለው ብዙም አልነበረም። ጋሼ ሣህሉ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ የትም ብትሄጂ ታገኛለሽ፣ እሷ ግን ማን አላት አሉ። እቴቴ ለአባትሽ እኔ እደውልለታለሁ አሉ፤ ሲደውሉ ምን እንደሚሉት ስላላወቅሁ አይድከሙ አላልኳቸውም። ተነሥቼ ሳህኔን አጥቤ ክፍሌ ገባሁ። ለሌንሳ ደወልኩ። ክፍሉን ከቀትር በኋላ ለአንዲት ነርስ ሰጥታዋለች። «ራስሽ ስጪው ብለሽኝ» አለች፤ ከዚያ ድምፄን ሰማችና ምንም ሳትጠይቅ «ፍራሽ አለኝ፣ ነይ» አለች። ልብሴ ብዙ አይደለም። ሻንጣውን የጤፉ ጆንያ ላይ አድርጌ መክተት ጀመርኩ።

ጽዮናዊት ሳታንኳኳ ገባች። በሩን ዘግታ ተደግፋው ቆመች። ኮቱ ትከሻዋ ላይ በደንብ ተቀምጧል፤ እኔ ላይም እንዲሁ ነበር። ይቅርታ ልትለኝ የመጣች መስሎኝ ላለመስማት ጫማዬን ከአልጋው ሥር ፍለጋ ጎነበስኩ። «አንቺ ሌላ ታገኛለሽ፣ ጎበዝ ነሽ» አለች፣ የአባቷን ቃል ሳትቀይር። ጫማዬን አገኘሁት። ሻንጣው ውስጥ ስከተው ዓይኗ ልብሱ ላይ ወዳረፈው ፍላሽ ሄደ። አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። የየቡው ፋይል ኡመይር ጋ አለ፣ ስትፈልጊ እሱን ጠይቂው አልኳት። የየቡው አይደለም ያስጨነቀኝ አለች። በቅርቡ አባቷ ያልተመዘገበ አንድ ሌላ ቀበሌ ሊልኳት ነው፣ ከአሁን ወዲህ ካርዱን የምትሰጠው እሷ ናት።

«እና ሳልጎትት እንዴት ነው የምሞላው?» አለችኝ። ከልቧ ነበር የጠየቀችው። እራት ጠረጴዛው ላይ እንደምትጠይቀኝ።

ከሁሉም ያናደደኝ ይሄ ነው፤ ጥያቄው ልክ ነበር፣ መልሱንም አውቀዋለሁ።

«ማሳው ድረስ ትሄጃለሽ» አልኳት። «ጭቃ ውስጥ ቆመሽ ሰውየውን ስሙን ትጠይቂዋለሽ፣ ሰፈር ማን ብሎ እንደሚጠራው ትጠይቂዋለሽ፣ ቁጥሩን በእጅሽ ትጽፊለታለሽ። ከዚያ ቀጣዩ ማሳ ትሄጃለሽ።»

«አንድ በአንድ?»

«አንድ በአንድ።»

ጽዮናዊት ቁልቁል ጉርዷን አየች። ሻንጣዬን ዘጋሁና በሩን እንድትለቅልኝ ጠበቅሁ።